ተነቃይ ፊደል፦ ከአጎቴ ኦሊቬቲ እስከ ተማሪዬ ኪቦርድ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኪቦርድ ነው። አዎ፣ ስለ ኮምፒውተር ኪቦርድ። "የታሪክ መምህር ከኪቦርድ ጋር ምን አገናኘው?" የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ፤ ነገሩ ከወረታ ተነስቶ ሮም ደርሶ ይመለሳል። ረዘም ስለሚል ቡና ያላፈላችሁ አፍሉ።

ለፋሲካ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው የኮምፒውተር ጥገና ነው። "ቲቸር፣ ይቺን ለእርስዎ ነው ያመጣኋት" ብሎ ከበድ ያለች ኪቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሰክቼ አንድ መስመር ጻፍኩባት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! ድምፁ ልጅ ሆኜ ከማውቀው ቦታ ወስዶ ዱብ አደረገኝ።

ከዚያ ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከቦርሳው ወረንጦ የመሰለች ነገር አወጣ። የአንዷን ቁልፍ ቆብ ነቀለ። ከቆቡ ሥር ያለችውንም ነገር ቆንጥጦ ጎተተና መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ከጣቴ ጫፍ የማትበልጥ፣ ከሥሯ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ እግሮች ያሏት ሳጥን ነች። ከትንሽ ፌስታል ውስጥ ሌላ አውጥቶ በቦታዋ ተጫናት። ጠቅ አለች። ጻፈባት፤ ሠራች። "አለቀ ቲቸር" አለኝ። ስታኞ የለ፣ ካውያ የለ፣ ብሎን መፍታት የለ።

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ።

አብዛኞቻችን ቢሮ ያለው ርካሹ ኪቦርድ ሲፈታ ከቁልፎቹ ሁሉ ሥር አንድ የላስቲክ ንጣፍ ነው ያለው። ከንጣፉ ሥር መስመር የተሳለባቸው ስስ ፕላስቲኮች ተደራርበዋል። ቁልፉን ስትጫኑ ላስቲኩ ይጎብጥና ላይኛውን ፕላስቲክ ከታችኛው ያነካካዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ችግሩ መስመሮቹ የጋራ ናቸው። ክፍል ውስጥ ተማሪ በረድፍና በአምድ እንደሚቀመጠው ቁልፎቹም በረድፍና በአምድ ነው የተያያዙት። ቡና ፈሶ አንድ መስመር ከተበላ በዚያ መስመር ላይ ያሉት ፊደሎች ተያይዘው ይሞታሉ። ደግሞ ንጣፉ አንድ ስለሆነ "ይቺን ብቻ ቀይርልኝ" ማለት አይቻልም። ሙሉው ይጣላል።

መካኒካል የሚባለው ሌላ ነው። እያንዳንዷ ቁልፍ የራሷ ማብሪያ ማጥፊያ አላት፤ ስዊች ይሏታል። ቤታችሁ ያለውን የመብራት ማብሪያ አስቡት፤ የሳሎኑ ቢበላሽ የጓዳው ይሠራል አይደል? እንደዚያ ነው። በስዊቿ ውስጥ ትንሽ ሞላ፣ አንድ ወጪ ወራጅ ፕላስቲክና የሚነካኩ ሁለት ብረቶች አሉ። በጣም የታወቀችው ቼሪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣት ኤም ኤክስ የምትባለው ናት። እስከ መጨረሻ ስትጫኗት 4 ሚሊ ሜትር ትወርዳለች፤ ግማሽ ላይ፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስትደርስ ፊደሉ ይጻፋል። ቀለማቸው ጠባያቸውን ይነግራል። ቀዩ ሳያደናቅፍ ልስልስ ብሎ ይወርዳል። ቡናማው መሃል ላይ በጣት የሚታወቅ ትንሽ ጉብታ አለው። ሰማያዊው ጉብታም ድምፅም አለው፤ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ለእኔ የመጣችው ሰማያዊ ናት፤ ባለቤቴ ማታ ማታ እንዳልጽፍ ከልክላኛለች።

ይሁንና መካኒካል ሁሉ ተነቃይ አይደለም። ዱሮ የስዊቿ ሁለት እግሮች ከቦርዱ ጋር በስታኞ ይበየዱ ነበር። አንዷን ለመቀየር ካውያ የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል። ሆት ስዋፕ በሚሉት ዓይነት ግን ቦርዱ ላይ የተበየደችው ስዊቿ ሳትሆን ትንሽ ሶኬት ናት። ስዊቿ እንደ ቻርጀር ትሰካለች፣ ትነቀላለች። የቼሪ የፈጠራ ባለቤትነት ዘመን ካበቃ በኋላ እንደ ካይልና ጌትሮን ያሉ የቻይና አምራቾች ተመሳሳይ ስዊች በርካሽ ማምረት ጀመሩ፤ ሶኬቱም ተስፋፋ። ልብ በሉ፣ ነገሩ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። አንዲት ሶኬት ጨመሩበት፤ በዚህ ምክንያት ዕቃው የሚጣል መሆኑ ቀርቶ የሚጠገን ሆነ።

ለፎገራ ልጅ ይሄ ሐሳብ አዲስ ነው እንዴ? አይደለም። የአባቶቻችንን እርሻ ተመልከቱ። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ማረሻ፣ ድግር፣ እርፍ፣ ወገል፣ ምራን፤ ሁሉም ለየብቻው ይፈታል፣ ለየብቻው ይቀየራል። ማረሻው ሲደንዝ ማረሻው ብቻ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። ድግሩ ሲሰበር ድግር ይጠረባል። ድግር ተሰበረ ብሎ ቀንበር የሚያቃጥል ገበሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ኪቦርዱን ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። የፊደላችንም ታሪክ የመነቀልና የመተከል ታሪክ ነው።

በብራናና በብርዕ ዘመን ፊደል ከጸሐፊው እጅ ይወጣል፤ የሚነቀል ነገር የለም። ስህተት ከተገኘ በቢላ ተፍቆ በላዩ ይጻፋል። ከዚያ ማተሚያ መጣ። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ታተመ። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን ግዕዝን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። የሚገርመው ሰውየው ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ያምን ነበር! ከ35 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549፣ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን እዚያው ሮም አሳተሙ።

የእርሳስ ፊደል ማለት ተነቃይ ፊደል ማለት ነው። ሀ ለብቻው፣ ሁ ለብቻው፣ ሂ ለብቻው ይቀረጻል። ለቃሚው ከሳጥን ሳጥን እየለቀመ መስመር ይሠራል፤ ገጹ ሲታተም ይበትነውና ሌላ ገጽ ይሠራበታል። አንዲት ፊደል ካረጀች እሷ ብቻ ትቀየራለች። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1921 ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም ለብዙ ዓመታት የሠራው እንዲሁ ፊደል በመልቀም ነው። ለፊደላችን ማተሚያ ቤት ተስማሚ ነበር፤ ሳጥን መጨመር ነው እንጂ ፊደል መቀነስ አላስፈለገም።

መከራው የመጣው በጽሕፈት መኪና ነው። እነ ሾልስ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1868 የፈጠራ መብት ያገኙበት፣ ሬሚንግተን በ1874 ገበያ ላይ ያወጣው መኪና ለ26 ፊደል የታሰበ ነው። ኋላ ላይ የተለመደው መኪና 44 ያህል ቁልፍ ቢኖረው፣ ከላይና ከታች ሲቆጠር 88 ምልክት ይይዛል። የእኛስ? እስኪ ሒሳብ መምህር አትጥሩ፣ እኔው ልሥራው፦ 33 ሲባዛ በ7፣ 231። ዲቃሎቹ ሲጨመሩ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 አኃዞች፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ... 231 እንግዳ ይዞ 88 ወንበር ወዳለበት ቤት እንደ መግባት ነው።

ይህንን የፈታው ኢትዮጵያዊው ኢንጂነር አያና ብሩ ነው። ከፋሺስት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የፈረንጁን መኪና ለአማርኛ አስተካከለ። ዘዴው ፊደሉን መፍታት ነበር። የፊደሉን ገላ አንድ ቁልፍ ይመታዋል፤ ካዕብ ወይም ሣልስ የሚያደርገውን ቅጥያ ሌላ ቁልፍ ይጨምርበታል። እኛ ሕፃናት ሳለን "ሀ ሁ ሂ" እያልን በረድፍ የቆጠርነውን እሱ ወደ ሥጋና አጥንት ለየው። እንደ ኦሊቬቲ ያሉ ኩባንያዎች የሠሯቸው የአማርኛ መኪኖችም በዚሁ በመቀጠል መንገድ ነው የሚጽፉት። የድሮ ደብዳቤ ያላችሁ አውጥታችሁ እዩ፤ የአንዳንዱ ፊደል እግር ከገላው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይታያል። አላማረም፤ ግን ሠራ። በዚያው ዘመን "ፊደሉ ይቀነስ፣ ሞክሼዎቹ ይውጡ" የሚለው ክርክር ሲሟሟቅ አንዱ ማስረጃ መኪናው ነበር። ሰው ለመኪና ይቀየር ወይስ መኪና ለሰው? አያና ብሩ መኪናውን ቀየረ። ለዚህ ነው ዛሬም ሐመሩን ሐ፣ ንጉሡን ሠ የምንጠቀመው ስል አላጋንንም ይሆናል፤ ቢያንስ "አይቻልም" የሚለውን አፍ ዘግቷል።

እዚህ ላይ አጎቴ ይመጣሉ።

አጎቴ ወረታ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ዣንጥላ፣ አንድ ኦሊቬቲ። ከገጠር የመጣ ሰው ጉዳዩን ይነግራቸዋል፤ የመሬት ድንበር፣ የቀለብ፣ የውርስ። እሳቸው ዓይናቸውን ከባለጉዳዩ ሳይነቅሉ ጣታቸው ይሮጣል። ክረምት እርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሐይቅ ሲመስል እንኳ ዣንጥላቸው አይታጠፍም። የሩዝ ገለባ ብናኝ መኪናው ውስጥ ሲገባ በመርፌና በላምባ ሲያጸዱ እኔ ነበርኩ ጨርቅ የምይዝ። ጣታቸው ሲያብጥ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ሳምንት ይዘፈዘፉና ይመለሳሉ። "የእኔ ጣትና ይቺ መኪና እኩል ነው የሚያረጁት" ይሉ ነበር። አሥረኛ ክፍል እስክጨርስ ደብተሬ የተገዛው ከዚያች መኪና ነው።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ፤ ማመልከቻ ጽሕፈት ወደ ኮምፒውተር ቤቶች ሄደ።

ኮምፒውተር ያመጣው ትልቁ ለውጥ ምን መሰላችሁ? ቁልፉንና ፊደሉን ማፋታቱ ነው። ጽሕፈት መኪና ላይ ለ ማለት ብረት ላይ የተቀረጸ ለ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቁልፍ ስትጫኑ ግን ኪቦርዱ የሚልከው የቁልፏን ቁጥር ብቻ ነው። ያንን ቁጥር ኤል ወይም ለ የሚያደርገው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ቻይና የተሠራ ኪቦርድ፣ ላዩ ላይ አንድም የግዕዝ ፊደል ሳይኖር፣ አማርኛ ይጽፋል።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ደከሙ። ዶክተር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። እድሜያችሁ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ሁሉ በፍላሽ ይዞ ሄዶ "ፎንቱ የለም" ተብሎ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ይህንን ፈታ። ሀ ቁጥሩ 4608 ሆነ፤ ለ 4616። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ተከታታይ ቦታ ተሰጠው። አሁን ይቺን ጽሑፍ ወረታ ሆኜ ስጽፍ ዱባይ ያለው ተማሪዬ ሳትበላሽ የሚያነባት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ አላልንም። ዛሬ ላ ለመጻፍ ኤልን ከዚያ ኤን ትጫናላችሁ። መጀመሪያ ገላው፣ ከዚያ አናባቢው። አያና ብሩ ካሰበው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም? ቅጥያው ከወረቀቱ ላይ ጠፋ፤ ጣታችን ውስጥ ግን አለ።

የዚህ ነገር ዋጋ የገባኝ ባለፈው ፈተና ሰሞን ነው። የምጽፍበት ኪቦርድ የኤል ቁልፉ ሞተ። እንግሊዝኛ ቢሆን አንድ ፊደል ነው የሚጎድለው። እኛ ጋ ግን ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ሙሉ ቤተሰቡ ነው የጠፋው! ያለ ለ አማርኛ ጻፉ እስኪ። "ኃይለ ሥላሴ" የለም፣ "ምኒልክ" የለም፣ "ላሊበላ" ጭራሽ የለም። ኤ ቢሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ከ33ቱ ፊደል ራብዑ በሙሉ ይሄዳል። ከድሮ ፋይል ላይ ለን እየቀዳሁ እየለጠፍኩ ነው ያንን ፈተና የጨረስኩት። ኪቦርዱ ከዚያች ቁልፍ በቀር ደህና ነበር፤ ግን ተጣለ። ምን ይደረግ፣ ነቅሎ የሚቀየር ነገር የለውማ።

እንግዲህ ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ።

ኮሌጅ ሆኜ ለዲፕሎማዬ ስማር አንድ ክረምት ወደ ቤት ስመለስ የአጎቴ ኦሊቬቲ ከአልጋ ሥር አቧራ ለብሳ ነበር። የለ ፊደል ብረት ከክንዷ ላይ ወልቃለች። ብረቷ አልጠፋችም፤ አጎቴ በጨርቅ ቋጥረው መኪናዋ ውስጥ አስቀምጠዋታል። "ስታኞ የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ትበየዳለች" ይሉ ነበር። እሳቸው ወንዛዬ በወረዱበት ሳምንት ቆራሌው መጣ። የመመለሻ ትራንስፖርት አልነበረኝም። በኪሎ ሸጥኳት። ከነጨርቋ። ሲመለሱ "ለትምህርት ቤት አውሼያታለሁ" አልኳቸው። ብዙ ዓመት ዋሸሁ።

ተማሪዬ ያቺን ስዊች ነቅሎ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጣት የታየኝ ያ ጨርቅ ነው። አንዲት ፊደል ነበረች የጎደለችው፤ የስታኞ ጠብታ ታህል ሥራ። እኔ ሙሉዋን ሸጥኩ።

በማግሥቱ ኪቦርዷንና ላፕቶፑን ይዤ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል። ጣታቸውን ስጭንላቸው "ቀጭ" ሲል ፈገግ አሉ። ዳሰሱ ዳሰሱና "ወረቀቱ በየት ነው የሚገባው?" አሉኝ። ከዚያ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። "ስንት ሰጠህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "አታለለህ" አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቡና ቀረበ፤ ጠጣን።

ወዳጆቼ፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁና ላብቃ።

አንደኛ፣ ኪቦርድ የምትገዙ ልጆች ሻጩን "ስዊቹ ይነቀላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ባለ ሦስት ቀዳዳ ይሁን ባለ አምስት አጣሩ፤ ባለ አምስት እግር ስዊች ባለ ሦስት ቀዳዳ ቦርድ ላይ የሚገባው ሁለቱ የፕላስቲክ እግሮች ሲቆረጡ ነው። ስስና አጭር የሆኑት ስዊቾች ደግሞ ከመደበኛው ጋር አይገጥሙም። ስትቀይሩ ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ንቀሉ፤ ስዊቿን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፤ የመዳብ እግሯ ከታጠፈ አትሠራም፤ በወረንጦ ቀስ ብሎ ማቃናት ነው።

ሁለተኛ፣ ቤታችሁ፣ ቢሮአችሁ ዕቃ ቤት ውስጥ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ያለ እንደሆነ ለቆራሌው አትስጡ። ቢበላሽም አትስጡ። ፎቶ አንስታችሁ እዚህ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የፊደሎቹን አደራደር ለተማሪዎቼ ላሳያቸው። ለ የጎደለባት ካለች ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስታኞ የሚያውቅ ልጅ አግኝቻለሁ።

ሰላም ሁኑልኝ። ከወረታ።